ለጨረታ የወጣው የስለት ጥላ

ባሌ ቄስ ነው፤ እግዜር ግን ነጋዴ ሊያደርገው አስቦ በመጨረሻው ሰዓት ሐሳቡን የቀየረ ይመስለኛል። ቅዳሴው ደህና ነው፣ ድምፁም ያምራል። ጨረታ ላይ ሲቆም ግን ሌላ ሰው ይሆናል። አንዲት ሎሚ በእጁ ይዞ "ይህች ሎሚ የት እንደበቀለች ታውቃላችሁ?" ብሎ ከጀመረ ኪሱን ሳይዳብስ የሚሄድ ሰው የለም። ሎሚዋን የገዛው ሰው "ለቤተ ክርስቲያን መልሻለሁ" ይላል፣ እልል ይባላል፣ ባሌ ያችኑ ሎሚ እንደገና ያነሣታል። በአሰበ ተፈሪ የቤተ ክርስቲያን ጨረታ እንዲህ ነበር። የገዛኸውን ይዘህ አትሄድም። አንዱ ገዝቶ ይመልሳል፣ ሌላውም ገዝቶ ይመልሳል፤ ዕቃው ሲዞር ውሎ ማታ ወደመጣበት ይመለሳል። ይህን ደንብ ማንም ጽፎ አልለጠፈውም፤ ሁላችንም ግን እናውቀው ነበር። ሁላችንም ስል እኛን የከተማውን ሰዎች ማለቴ ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ መጨረሻ ዓመታት ነው። ቤተ ክርስቲያን ካህናትንና ሰባክያንን የምታስተምርበት አንድ ኮሌጅ ከተከፈተ ገና አጭር ጊዜው ነበር። ተማሪዎቹ ተጣበው እንደሚያድሩ፣ ክረምት ሲገባ ጣሪያው እያፈሰሰ ደብተራቸውን እንደሚያረጥብ ከሀገረ ስብከት መልእክት መጣ፤ በየደብሩ ያለ ካህን ምእመኑን አስተባብሮ እንዲረዳ ተባለ። ባሌ አንድም ቀን ኮሌጅ ብሎት አያውቅም። "ዩኒቨርሲቲያችን" ነበር የሚለው።

"ጣሪያው የሚያፈሰውን?" እለዋለሁ።

"ጣሪያውን እኛ እናለብሰዋለን፤ ዩኒቨርሲቲነቱ ከዚያ በኋላ የት ይሄዳል!" ይለኛል።

ከደብሩ አስተዳዳሪና ከአንድ ሽማግሌ መሪጌታ ጋር ሆኖ በየከተማው መዞር ጀመረ። ገለምሶ ሄዱ፣ በዴሳ ሄዱ፣ ሂርና ሄዱ፤ ሲገኝ በአውቶቡስ፣ ሲጠፋ በጫት መኪና። እነሱ በሄዱ ቁጥር እኔ እስኪመለሱ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ዘመኑ ሕዝቡ በመዋጮ ብዛት የተንገሸገሸበት ነበር፤ ለጦርነቱ ይዋጣል፣ ለድርቁ ይዋጣል፣ ለበዓሉ ይዋጣል። በዚያ ላይ ቄሶች በየኬላው እየተፈተሹ ለቤተ ክርስቲያን ሲለምኑ ማየት የማይወድ ካድሬ ብዙ ነበር። እኔ ደግሞ በከተማው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርሁ፣ የመንግሥት ሠራተኛ። አንድ ቀን ከውይይት ክበብ ስንወጣ ርዕሰ መምህሩ ጠጋ ብሎ "ባለቤትሽ አሁንም ይዞራል?" አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው ያለኝ። ያቺ ፈገግታ ሳምንቱን ሙሉ ምግብ ከለከለችኝ።

ባሌ ግን አይፈራም። እኔ ለሁለታችንም እፈራለሁ፣ እሱ ለሁለታችንም ይተኛል። ከሀገረ ስብከት የመጡ አባት ፊት ቆሞ "የዩኒቨርሲቲውን ጣሪያ አሰበ ተፈሪ ትችለዋለች" ብሎ ቃል ገባ። ማን ጠይቆት? ማንም። አስተዳዳሪው ቀና ብለው አዩትና ጺማቸውን ያዙ።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት እናት መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነውና።

የባሌ የንስሐ ልጅ ነበረች። ከታች ሰፈር በአንዲት የኪራይ ክፍል ትኖራለች፤ በአንድ ነጋዴ መጋዘን ከሌሎች ሴቶች ጋር ቡና ትለቅማለች። አንድ ልጅ ነበራት፣ ወንድ። ከገበያ ሲመለስ በአፈሳ ይዘው ለብሔራዊ ውትድርና ላኩት። የሄደው ወደ ሰሜን ነው ከመባሉ በቀር ወሬው ጠፋ። እሷም ለአሰቦት ገዳም ተሳለች፤ "ልጄን በደህና ከመለስህልኝ ጥላ አገባለሁ" ብላ። ታቦት ሲወጣ የሚዘረጋውን፣ ከፋይ የለበሰውን ትልቁን ጥላ ማለቷ ነው።

ስለት የሚገባው የተለመኑት ነገር ሲፈጸም ነው። እሷ ግን ልጇ በመጣ ማግስት ባዶ እጇን እንዳትገኝ ቀድማ መሥራት ጀመረች። ወይን ጠጅ ከፋዩን በባቡር የሚመላለስ ሰው ከድሬዳዋ አመጣላት። ዘርፉን ራሷ ሰፋችው፤ ከመጋዘን ስትወጣ፣ ዓይኗ ቡና ሲመርጥ ውሎ ደክሞ። ሲያልቅ በነጭ አቡጀዲ ጠቅልላ ወደ እኛ ቤት አመጣችው። ክፍሏ ያፈስ ነበር።

"አባ፣ ልጄ እስኪመጣ እርስዎ ጋ ይቀመጥልኝ፤ እኔ ጋ አይጥ ይበላዋል" አለች።

ባሌ ተቀብሎ ከአልጋችን ራስጌ አቆመው። አልፎ አልፎ ቅዳሜ ከሰዓት ትመጣለች፣ አቡጀዲውን ገለጥ አድርጋ ዘርፉን በጣቷ ታበጥራለች፣ መልሳ ትሸፍነዋለች። ስለ ልጁ ብዙ አናወራም። ጥላውን ማየቷ በቂ ነበር። እኔም አልጋ ሳነጥፍ ያንን ነጭ ጥቅል ባየሁ ቁጥር፣ ያ ልጅ በሕይወት እንዳለ በሆዴ እርግጠኛ እሆን ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እንግዳ ሊመጣ ሲል የተነጠፈ አልጋ ሲያዩ እንደሚሰማው ዓይነት ነው።

የደብራችን የንግሥ በዓል ደረሰ። ታቦቱ ዞሮ ገባ፣ ሕዝቡ ከቅጽሩ ውስጥ ከጽዱ ሥር ተሰበሰበ፣ የኮሌጁ ጨረታ ተጀመረ። ቀበሌው የፈቀደው በቅጥር ግቢው ውስጥ ብቻ እንዲሆን ነበር፤ ይህንንም የሚያይ አንድ ሰው በሩ ላይ አቁሞብናል። ሰውየው ካኪ ለብሶ፣ እጁን አጣምሮ፣ በሩን ተደግፎ ቆሟል። የቆምሁት ከሴቶች በኩል ነው፤ ያቺ እናት አጠገቤ ነበረች። እኔ ዓይኔን ከካኪው ላይ ማንሣት አቃተኝ።

ባሌ በሎሚ ጀመረ። ከሎሚ ወደ ዶሮ፣ ከዶሮ ወደ ምንጣፍ ሄደ። ሰዉ ይስቃል፣ ይገዛል፣ ይመልሳል። ቡናና ጨርቅ የሚነግደው ሙስሊም ጎረቤታችን ሳይቀር ከአጥሩ ውጭ ሆኖ "ለትምህርት ከሆነ እኔም አለሁበት!" እያለ ዶሮዋን ገዝቶ መለሳት። ይሁን እንጂ ከሰዓት በኋላ ነገሩ ቀዘቀዘ። ሰዉ ያችን ዶሮ ሰለቻት፣ ዶሮዋም እሱን። አስተዳዳሪው ባሌን ጠርተው በጆሮው አንድ ነገር አሉት። ፊቱ ሲለወጥ ከሩቅ አየሁ። የጣሪያው ነገር ነው፤ ቃል የገባው እሱ ነው።

አንድ ዲያቆን ጠርቶ ላከ። ቤታችን ከቅጽሩ ማዶ ነው። ዲያቆኑ ነጩን ጥቅል ታቅፎ ሲመለስ አየሁት።

"የእኔ ነው?" አለችኝ እናትየዋ።

"የእርስዎ ነው" አልኋት። ሌላ ምን ልበል?

ባሌ አቡጀዲውን ፈትቶ ጥላውን ዘረጋው። ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። ወይን ጠጁ ከፋይ በፀሐዩ አበራ፣ ዘርፉ ዘንፈል ዘንፈል አለ። አልዋሽም፣ ሲያዩት ልብ ይሰርቅ ነበር።

"ግድ የለም" አለች፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ። "ይመልሱታል። ሁሉም ይመልሳል።"

ባሌም ያሰበው ይህንኑ ነው። ኋላ ሺህ ጊዜ ነግሮኛል። ጥላው ትንሽ ይዙር፣ ሰዉ ይነቃቃ፣ ማታ ወደ አልጋችን ራስጌ ይመለሳል፤ ለእሷም በረከት፣ ለዩኒቨርሲቲውም ጣሪያ። እና በእርግጥ ዞረ። አንዱ ልብስ ሰፊ ገዛው፣ መለሰው። አንዲት የሆቴል ባለቤት ገዛችው፣ ዘምራ አልቅሳ መለሰችው። ደግሞ ሌላው። በተመለሰ ቁጥር ያቺ እናት ትተነፍሳለች፣ እኔም እተነፍሳለሁ። ባሌ ሞቀው፤ ላቡን በነጠላው እየጠረገ "ማነህ የማርያም ወዳጅ! ማነህ!" ይላል።

ከኋላ አንድ ረዘም ያለ፣ ጸጉሩ የሸበተ ገበሬ እጁን አነሣ። ከቦኬ በኩል ቡናውን ሊሸጥ መጥቶ በዓሉን ያከበረ ሰው ነው። የጠራው ዋጋ ሁሉንም ጸጥ አሰኘ። ማንም አልጨመረም። ባሌ መስቀሉን አሳለመው፣ ጥላውን ሰጠው፣ "መልሻለሁ" እስኪል ፈገግ ብሎ ጠበቀ።

ሰውየው አልመለሰም። ተንበርክኮ መሬቱን ሳመ፣ ተነሣ፣ ጥላውን ከራሱ በላይ እንደተዘረጋ ይዞ ወደ በሩ መሄድ ጀመረ። ሕዝቡ እልል አለ። ደስታው ነዋ! ኋላ እንደሰማነው፣ ቦኬ ገጠር ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ታቦታቸው በተራ የዝናብ ጃንጥላ ነበር የሚወጣው፤ ቡናውን ሸጦ ለታቦቱ ጥላ ገዛ። በእነሱ ዘንድ የገዛ ይወስዳል። የእኛን ደንብ ማን ነግሮት? እኛ መች እንዲህ ያለ ነገር እንናገራለን? እናውቃለን እንጂ።

ባሌን አየሁት። አፉን ከፍቶ ቆሟል። ጠርቶ ሊመልሰው አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ከዚያ በሩ ላይ ያለውን ካኪ አየ። ሰውየውን መልሶ "ይህ የሚሸጥ አልነበረም" ቢለው፣ ቀኑን ሙሉ ታዲያ ሲሸጥ የዋለው ምን ነበር ሊባል ነው? "ቄሶቹ የማይሸጥ ነገር እየሸጡ ሕዝብ ይዘርፋሉ" ለማለት ካኪው ከዚህ የተሻለ ቀን አያገኝም። ይህን ሁሉ እኔም በዚያች ቅጽበት አሰብሁት።

"በሩ ጋ ሲደርስ ይመልሰዋል" አለች እናትየዋ። ክንዴን ይዛኝ ነበር። ጥፍሯ ይሰማኛል።

ጥላው በሩን አልፎ ወጣ። ከአጥሩ በላይ ወይን ጠጁ አናቱ ብቻ ወደ መንገዱ ሲወርድ ይታየን ነበር።

አልጮኸችም። ክንዴን ለቀቀች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወደ ቤቷ ሄደች። ባሌ በማግስቱ ጠዋት ክፍሏ ድረስ ሄዶ እግሯ ላይ ወደቀ። ንስሐ አባት በንስሐ ልጁ እግር ላይ ሲወድቅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"አባ፣ ልጄን ሸጡብኝ።"

ቤት መጥቶ ሲነግረኝ አላዘንሁለትም። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ተናድጄ ነበር። በሰው ፊት እርስዎ እለዋለሁ፣ የካህን ደንብ ነው፤ ቤታችን ስንገባ ግን አንተ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥም እርስዎ አልሁት። "ምሳ ይቀርብልዎ?" "ውሃ ላምጣልዎ?" በዱላ ብመታው ይሻለው ነበር። ራስጌው ላይ ጥላው የነበረበት ባዶ ቦታ እንደ ጥርስ መውለቂያ ሆነብኝ፤ ዓይኔ ሳይፈልግ እዚያው ይሄዳል። ያ እርግጠኝነቴም አብሮት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ልጅ ሳስብ የሚታየኝ የቀና ነገር አልነበረም።

ሙስሊሙ ጎረቤታችን ነገሩን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። "ወላሂ አባ፣ የሰው ስለት መንካት ከባድ ነው፤ በእኛም ከባድ ነው" አለው። ወደ ቦኬ ዕቃ የሚጭንበት ፒክአፕ ነበረው። "ገበያ ቀን እወስዳችኋለሁ፣ ኢንሻ አላህ ሰውየው ሰው ከሆነ ይገባዋል።" ሄድን፤ ባሌና እኔ ከጨው ጆንያና ከሳሙና ካርቶን ጋር ተጭነን። እናትየዋን ብንለምናት አልመጣም አለች።

ገበሬው ሰው ነበር፤ ችግሩም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ተጣልተን እንመለስ ነበር። በሩ ላይ ወጥቶ "አካም፣ አካም" እያለ ባሌን እጁን ስሞ አስገባው፤ ወተት ቀረበልን። ባሌ አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ነገረው። ሰውየው ሲሰማ ቆየና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

"አባ፣ አንተ ሸጥህ፣ እኔ ገዛሁ። ታቦት ወጥቷል በሱ። ሕዝቡ አይቷል፣ አልቅሷል። አሁን እንዴት ነው የማወጣው?" አለ። ቀና ብሎም "በሬ አለኝ። በሬዬን ውሰድ፣ ለእናትየው ስጣት" አለ።

በሬ ምን ያደርግልናል? የአጥቢያው ቄስም ተጠርተው መጡ፤ እሳቸውም ያሉት ያንኑ ነው። አንዴ ቤተ መቅደስ የገባ ዕቃ ተመልሶ አይወጣም። ባሌ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ቢሆንም ልቡ ስላላረፈ ነው የሄደው። ቄሱ የልጁን የክርስትና ስም ጠየቁን፤ በቅዳሴ እናነሣዋለን አሉ። ጎረቤታችን በመመለሻችን መኪናውን እየነዳ "ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ምን ታደርጋቸዋለህ!" እያለ ይበሳጫል።

ለእናትየዋ የነገርኋት እኔ ነኝ። "ቦኬም ስሙን ያነሡታል፤ ጥላውም ያው እግዚአብሔር ቤት ነው ያለው" አልኋት።

"እኔ የተሳልሁት ለአሰቦት ነው። የቦኬው ታቦት ልጄን ከየት ያውቀዋል?"

"እግዚአብሔር ቀበሌ ነው እንዴ? በየቀበሌህ ተስተናገድ ይላል?" አልሁ፤ ላስቃት ፈልጌ።

አልሳቀችም። "ካልሆነማ ባልሽ ገንዘቡን ከዚህ ለቅሞ እዚያ ኮሌጅ ድረስ ለምን ይልካል? ሁሉም ቦታ ቦታ አለው የኔ ልጅ።"

ባሌ ከፋይ ከድሬዳዋ አስመጥቶ ሌላ ጥላ አሠራላት፤ ከዚያኛው የሚበልጥ። አልተቀበለችውም። እሷ ያልሰፋችው የእሷ ስለት አይደለም አለች። ሌላ ስለት ተሳዪ ሲሏትም "የመጀመሪያውን ሳልከፍል ሁለተኛ ልበደር?" ትላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቷን ግን አልተወችም። መጥታ ትቀመጣለች፣ ራስጌውን አየት ታደርጋለች፣ ትሄዳለች። ከመምጣቷ መቅረቷን እመኝ ነበር። ቅዳሜ ሲነጋ ጀምሮ ጆሮዬ በሩ ላይ ነው።

የኮሌጁ ጣሪያ ግን ለበሰ። የምስጋና ቃልም መጣ። ባሌ ሲሰማ ደስ አላለውም። ከዚያ ወዲህ ጨረታ ላይ ቆሞ አያውቅም፤ ሲለምኑት ድምፄ ዘግቷል ይላል።

ከዚያ ደርግ ወደቀ። ወታደሩ ተበትኖ በየመንገዱ መጣ፤ እግሩ የቆሰለ፣ መለዮውን የጣለ፣ ቁራሽ የሚለምን። አስፓልቱ ዳር ቆመን ለምናገኘው ሁሉ ውሃ እንሰጥ ነበር። ያቺ እናት ቡና ለቀማውን ትታ እዚያው ዋለች፣ አደረች ማለት ይቻላል። እያንዳንዱን ፊቱን ታያለች። ፎቶ የላትም፤ "ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው፣ ከብት ወግቶት ነው" እያለች ትጠይቃለች። ባሌ እንስራ ተሸክሞ ከጎኗ ይቆማል። ሁለቱ አይነጋገሩም፤ እሷ ታያለች፣ እሱ ውሃ ያጠጣል። የሰዉ ፍሰት እየሳሳ ሄደ፣ ቆመ። እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆማ ቀረች፣ እሱም ቆሞ ቀረ። ባዶውን መንገድ ሲያዩ ሳያቸው ቁጣዬ ወዴት እንደገባ አላውቅም። ሄጄ "ና፣ ቤት እንግባ" አልሁት። አንተ ስለው ዞር ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

ከዚያ በኋላ የእድሩ ሰዎች እሷ ቤት መመላለስ ጀመሩ። ልጁ ሞቷል፣ ለቅሶ ተቀመጪ፣ ተዝካሩን አውጪለት፣ ነፍሱን አታንከራትቺ ይሏታል። ደግ አስበው ነው። ባሌ በቅዳሴ መካከል ስም በሚነሣበት ቦታ የልጁን ስም እስከዚያን ጊዜ ከሕያዋን ጋር ይጠራ ነበር። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ባሌም እየፈራ መጣ፤ ስሙ ጋ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ እንደሚል ከሴቶች በኩል ሆኜ እሰማለሁ። እናትየዋም ትሰማለች። ስሙ እንዲህ እየሳሳ ሄዶ አንድ እሑድ ከሙታን መካከል ሲጠራ እንዳትሰማው ትሰጋለች። እኔም እሰጋለሁ።

በዚያው ዓመት አንድ ወጣት ሰባኪ ለደብራችን ተመደበ። ከዚያ ኮሌጅ ተመርቆ የመጣ ነው። ቀጭን፣ ዓይነ አፋር፣ ጫማው የጠበበው የሚመስል ልጅ። ባሌ እንደ ወትሮው ቢሆን "የዩኒቨርሲቲያችን ፍሬ!" ብሎ ከተማውን ባዞረው ነበር፤ አሁን ግን ዝም ብሎ ምሳ ጠራው። ቅዳሜ ነበር። ልጁ እንጀራውን ቆርሶ ገና ሳይጎርስ እናትየዋ ገባች።

ቁጭ አላለችም። ባሌ እንድትቀመጥ ሲለምናት በእጇ ዝም አሰኘችው።

"አባቴ፣ ከዚያ ኮሌጅ ነው አሉ የመጡት" አለችው። የልጇ እኩያ ነው፤ አባቴ ነው ያለችው።

"አዎ፣ እናቴ" አለና ተነሣ።

"ጣሪያው አሁንም ያፈሳል?"

ልጁ ግራ ገብቶት ባሌን አየ። "አያፈስም፤ እኔ ስገባ ለብሶ ነበር።"

"የእኔ ጥላ ነው ያለበሰው። እንግዲህ በእኔ ጥላ ሥር ነው የተማሩት፤ ይንገሩኝ። ስለቴ ልጄ ሳይመጣ ቀድሞ ገባ፤ የገባውም ያልተሳልሁበት ቦታ ነው። ልጄ አልመጣም። ሞቷል ብዬ ልቅበረው ወይስ አለ ብዬ ልጠብቀው? ስሙ ከማን ጋር ይጠራ?"

ባሌ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። እኔ ልጁ ከመጽሐፍ አንድ ነገር ጠቅሶ እንዳይሰብራት ፈራሁ፤ ወይም ሊያጽናናት ብሎ እንዳይዋሻት። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም ነበር።

"እናቴ፣ ይህን አላስተማሩኝም" አለ ልጁ። ፊቱ ቀላ። "አላውቅም።"

እሷ ራሷን ነቀነቀች። "እንግዲህ የተማሩት ይህን ነው፣ አላውቅም ማለትን" አለች፤ ነጠላዋን ሰብስባ ልትወጣ ዞረች።

"ቆዪ እናቴ" አለ። "መሞቱን የነገረሽ ሰው አለ?"

"የለም።"

"እኔም አልሰማሁም። ያልሰማሁትን ሞት አልጠራም። ስሙን ለእኔ ስጪኝ። መሞቱን አይቻለሁ የሚል እስኪመጣ ከሕያዋን ጋር አነሣዋለሁ፤ ድምፄን ሳልቀንስ።"

"እስከ መቼ?"

"እስካለሁ።"

ልጁ ቅስና ተቀበለና እኛው ደብር ቆየ። ሌላ ቦታ ሲመድቡት እየለመነ ቀረ፤ ምክንያቱን አልጠየቅነውም። እናትየዋን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ቦኬ ወስጄያታለሁ፤ የበዓል ቀን ነበር፣ ታቦቱ በእሷ ጥላ ሥር ወጣ። አይታው እንዳትሰበር ፈርቼ ነበር፤ ግን ደርሳ ስታየው አላለቀሰችም። "ቀለሙ ለቋል" አለች ስንመለስ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ "ያወጡታል ማለት ነው። አላስቀመጡትም" አለች። ጥላው ከተሸጠ ወዲህ ከእኛ ቤት አንዳች ቀምሳ አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን ወተት ጠጣች።

ባሌ አሁን አርጅቷል፣ አይቀድስም። እሷ ካረፈች ቆይታለች። ባረፈች ሰሞን አንድ እሑድ ከሴቶች በኩል እንደወትሮዬ ቆሜ ነበር። ያ ቀጭኑ ልጅ፣ አሁን ጸጉሩ የሸበተ ቄስ፣ ስም ወደሚነሣበት ቦታ ደረሰ። ከሙታን ጋር የእሷን ስም ጠራ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከሕያዋን ጋር የልጇን ስም ጠራ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ድምፁን ሳይቀንስ።